«ይሞታል እኮ!» ለሚሉን ሁሉ

መቼም እዚህ አገር ያልተመሰገነ ባለውለታ ብዙ ነው። ዛሬ አንዱን ላመስግን። ቅዳሜ ማታ ፊልም ስናይ አጠገባችን ቁጭ ብሎ መጨረሻውን አስቀድሞ ለሚነግረን ሰው ምስጋና ይድረሰው። ታውቁታላችሁ። እናንተም ቤት አለ። «እኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ እህት ልጅ እኛ ጋ ነው የምትኖረው። 19 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ፈተናዋን ጨረሰችና «ዛሬ የፍቅር ፊልም እንይ» አለች። ታይታኒክን አይታው አታውቅም። ፊልሙ በፈረንጆቹ 1997 ሲወጣ እሷ ገና አልተወለደችም። እኛ ቤት ውስጥ ታይታኒክን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ተገኘ ማለት ነው! ባለቤቴ ፈንዲሻ አፈነዳች። ቡና ተፈላ። ጋቢያችንን ተከናነብን። መብራትም ምን እንደነካው እንጃ፣ አልጠፋም።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነው፤ ቻርጀር ሊዋስ። ቴሌቪዥኑን አየ፣ ቻርጀሩን ረሳ፣ ተቀመጠ።

ፊልሙ ገና ሩቅ አልሄደም። የፊልሙ ጀግና ጃክ ካርታ ተጫውቶ የመርከቡን ቲኬት በላ። መርከቡ ሊነሳ ደቂቃዎች ናቸው የቀሩት። ልጁ ዕቃውን ተሸክሞ በደስታ ይሮጣል። የኛዋም ፈንዲሻዋን ጨብጣ አብራው ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ጎረቤታችን ሳቅ አለና፣

«ምን ያስሮጠዋል? ሊሞት!»

በቃ። ፊልሙ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ልጁን ቀበርነው። የቀረውን ጊዜ ለቅሶ ቤት ነው የተቀመጥነው። ጃክ ሦስተኛ ማዕረግ ወርዶ ሲጨፍር እኛ በሆዳችን «ነፍስ ይማር» እንላለን። ጃክ የፍቅረኛውን የሮዝን ሥዕል ሲሥል፣ «ምስኪን፣ ሳያገባ» እንላለን።

ግን ውለታውን እዩት። ዳይሬክተሩ ከ3 ሰዓት በላይ የፈጀበትን ጉዳይ ጎረቤቴ በአንድ ቃል ጨረሰው። ፊልሙ 11 ኦስካር ወስዷል። አንዱ የኤዲቲንግ ነው። ዳኞቹ ጎረቤቴን ስለማያውቁት ነው እንጂ እንዲህ አሳጥሮ የሚቆርጥ ሰው ከየት ይገኛል? ለጤናችንም አስቦ ነው። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ይባል የለ? እሱ ልባችንን ከተንጠለጠለበት አውርዶ እጃችን ላይ ያስቀምጥልናል።

ይህ ሰው ሆሊውድ ባለመወለዱ የተጎዱም አሉ። ካዛብላንካ የሚባለው የፍቅር ፊልም በ1942 ሲሠራ ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን በታሪኩ ከሁለት ወንዶች መሃል ነበረች። ቀረጻው እየተካሄደ እንኳ የትኛውን ይዛ እንደምትቀር አላውቅም ነበር ብላ ተናግራለች። ጸሐፊዎቹ መጨረሻውን አልቋጩትም ነበራ! ጎረቤቴ እዚያ ቢኖር ሜካፕ ስትቀባ ጠጋ ብሎ ሹክ ይላት ነበር።

ሌሎችም ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱን በጅምላ ላመስግን። መሳሳም ሲመጣ ድንገት ውኃ የሚጠማው አጎት። «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያለች እስከ መጨረሻው የምትጠይቅ አክስት። የቱርኩን ተከታታይ በአረብኛ ቀድማ ጨርሳ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ማን ከማን እንደሚጋባ የምታውጅ የሥራ ባልደረባ። ሁላችሁም ኑሩልን።

አሁን መርከቡ ሰጥሞ ሮዝ ወደተንሳፈፈችበት በር እንምጣ። በር እንኳ አይደለም። ከበር አናት ላይ የሚገጠም ጌጠኛ ሳንቃ ነው። በ2024 ጨረታ ላይ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። ሮዝ እሱ ላይ ተኝታለች። ጃክ በረዶ ውኃ ውስጥ ነው። የኛዋ ልጅ ሞቱን ብታውቅም እንባዋ መጥቷል። በዚህ መሃል ጎረቤታችን ብድግ አለ።

«ለሁለት ይበቃል!»

ማንም አልጠየቀውም። «እኛ ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር አራት ሆነን እንሄድ የለ እንዴ? ያውም ከነፌስታላችን!» እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ትንሽ አሳመነኝ። እዚያ ውቅያኖስ ላይ አንድ የመገናኛ ታክሲ ረዳት ቢገኝ ኖሮ ጃክ አይሞትም ነበር። «የሞላ! አንድ ሰው ብቻ! ጠጋ በይ የኔ እናት፣ ጠጋ ጠጋ!» ይላት ነበር። ሮዝ ብታኮርፍ፣ «ካልተመቸሽ ኮንትራት ያዢ» ይላት ነበር። ጃክ ላይ ሌላ ሦስት ሰው ይደርብበታል። ከዚያ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጨለማ፣ «ከኋላ ሂሳብ!»

ጎረቤቴ ግን በወሬ የሚቆም ሰው አይደለም። የሻይ ጠረጴዛችንን ጎትቶ መሃል ምንጣፉ ላይ አመጣው። ስኒዎቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወጣና በጀርባው ተጋደመ። «ና!» አለኝ። ባለቤቴን አየኋት፤ ጣሪያውን ታያለች። ለሰላም ብዬ ወጣሁ። ሁለት የልጆች አባት የሆንን ሰዎች፣ እግራችን በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ፣ ክርኑ ጎድኔ ውስጥ ገብቶ፣ ሻይ ጠረጴዛ ላይ ተኛን። «አየህ? በቃን!» አለኝ ድል ባደረገ ድምፅ። ጠረጴዛው አልተስማማም። በእኔ በኩል ያለው እግሩ ቀጭ አለ። እኔ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ እሱ ላይ ቀረ። ጃክ ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ፊልሙን በደንብ ያየ ሰው ያውቃል። ጃክ ልውጣ ብሎ ሲሞክር ሳንቃው ይዘምማል። የጎደለው ስፋት ሳይሆን ሁለት ሰው ተሸክሞ መንሳፈፍ ነው። «አይቼዋለሁ» ባዩ ግን ይቺን አላያትም። ያኔም እያወራ ነበራ! ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ራሱ በዚህ ጥያቄ ተማሮ፣ በ2023 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ሁለት ሰዎች ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከቶ ሞክሮታል። ጃክ ምናልባት ሊተርፍ ይችል ነበር አለ። ምናልባት! ከ25 ዓመት በኋላ! የኛው ሰው በአንድ የሻይ ጠረጴዛ በአምስት ደቂቃ ጨርሶታል።

ከወለሉ ቀና ስል ሙዚቃው እያለቀ ነው። ስሞች ይወርዳሉ። ልጅቷ ወንበሯ ላይ የለችም። ጋቢው ብቻ አለ። ሮዝ እጁን ስትለቀው አላየችም። እኛ ጠረጴዛ ላይ ነበርና።

እዚህ ጋ ቀልዱ ይቅርብኝ። ወር ሙሉ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ የከረመች ልጅ ናት። አንድ ማታ ቁጭ ብላ፣ በሰው ታሪክ አልቅሳ፣ ቀለል ብሏት ልትተኛ ፈልጋ ነበር። ይህንን ነጠቅናት። አዎ፣ ነጠቅናት፤ እኔም ጭምር። አንተ አይተኸዋል፤ ጥሩ። አንተ ስታይ ግን ዝም ያለልህ ሰው ነበር! እኔ ያየሁት በሁለት የቪዲዮ ካሴት ነው። አንደኛው ሲያልቅ ታላቅ ወንድሜ ተነስቶ ሁለተኛውን ከተተልኝ። ቀድሞ አይቶት ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስጨርስ ፊቴን እንዳያይ ካሴቱን ላጠንጥን ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ይሄን ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል? አፍን ለ3 ሰዓት መዝጋት ያን ያህል ያማል?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ትናንት ማታ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። ቻርጀሩን ሊመልስ መስሎኝ ነበር፤ በእጁ ምንም የለም።

«ቅዳሜ ምን እናያለን?» አለኝ።

«ካዛብላንካ።»

«ኧረ! እሱን አላየሁትም።» ጣቱን ቀሰረብኝ። «ደግሞ እንዳትነግረኝ!»

«ከባሏ ጋር በአውሮፕላን ትሄዳለች» አልኩትና በሩን ዘጋሁት።