ጳጉሜን ምን አደረገችህ?

ቢቸና የምትኖረው አክስቴ ሰው ሳይጋባ የማፋታት ችሎታ አላት። ልጅ ሊታጭ ነው ሲባል ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጥና ሰባት ቤት መቁጠር ትጀምራለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ይጠባል። «ይህማ ሥጋችን ነው!» ጠላው አልተጠመቀም፣ ዳሱ አልተጣለም፣ ጥንዶቹ አንድ ቀን አብረው አላደሩም፤ ጥፋቱ ግን ተገኝቷል።

እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ እንጀራ የምበላው በዚሁ ሙያ ነው። ፕሮግራምን ሳያስኬድ፣ ኮዱን ብቻ አንብቦ ስሕተት የሚያወጣ መሣሪያ አለ። ከቀደምቶቹ አንዱ በፈረንጆቹ 1978 በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ስቲቨን ጆንሰን የጻፈው ሊንት ነው፤ ስሙም በእንግሊዝኛ ከልብስ ላይ የሚለቀም ብናኝ ማለት ነው። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ስወጣ በር ላይ አቁማ ከጋቢዬ የምትለቅመው ዓይነት።

ችግሩ መሣሪያው አገር አያውቅም። ለአንድ የቁጠባ ማኅበር በሠራነው ፕሮግራም ውስጥ ባልደረባዬ «ወሩ ከ12 ከበለጠ አትቀበል» ብሎ ጻፈ። መሣሪያው አነበበ፣ አመሰገነ፣ አሳለፈ። ጳጉሜን 1 ቀን ገበሬው ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ መጣ፤ ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ወር የለም» አለው። ገንዘብ ያዧ ብልህ ናትና የጳጉሜንን ገቢ ሁሉ «ነሐሴ 30» እያለች መዘገበችው። በመዝገቡ መሠረት በዚያ ዓመት ነሐሴ 30 ቀን ወረዳው በሙሉ የቁጠባ መንፈስ አድሮበት ነበር።

ስለዚህ ለመሣሪያው የራሳችንን ደንብ ልጽፍለት ተነሣሁ። መጀመሪያ «12 የሚል ቁጥር ባየህበት ጩኽ» አልሁት። ጮኸ! በስልክ ቁጥር ጮኸ፣ በ12 ወር የብድር ክፍያ ጮኸ፣ በ12 ሰዓት ጮኸ፣ አንዱ ፕሮግራመር ለራሱ ማስታወሻ በጻፈው «ነገ 12 እንቁላል» ላይ ሳይቀር ጮኸ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የሚያዳምጠው ጠፋ። በየሌሊቱ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ውሻ ሌባ የመጣ ቀን ማን ይነሣለታል?

መላውን ያገኘሁት ዋሸራ ቅኔ ከተማረው አጎቴ ነው። ስለ ኮምፒውተር አላወራነውም፤ አንዱን ተማሪ ሲያርም ሰማሁት፤ «የቃሉን መልክ ተው፣ ሙያውን እይ። ባለቤት ነው ወይስ ተሳቢ?» ለካ መሣሪያውም የሚፈልገው አገባብ ነው። ኮዱን እንደ ጽሑፍ አያነበውም፤ በትኖ ዛፍ ያደርገዋል፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሙያ አለው። ደንቤን አስተካከልሁ፤ ማነጻጸሪያ ፈልግ፣ በአንድ ወገን ወርን የሚይዝ ስም፣ በሌላው 12 ካለ ብቻ ተናገር።

ወርን የሚይዝ ስም! አንዱ በላቲን ፊደል «ወር» ይለዋል፣ ሌላው «ወራት»፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛው «መንዝ»። ጎጃም ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ መንዝን ስፈልግ ሰነበትሁ። ሊይዘው የሚገባና ሊያልፈው የሚገባ ምሳሌ እየጻፍሁ ፈተንሁት። በዚያው አጋጣሚ ሌላም ጉድ ወጣ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ጳጉሜንን 6 ቀን የሚያደርግ ኮድ። በእኛ አቆጣጠር ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪው 3 ሲሆን። ይህን የደብር አስተማሪ ይስቅበታል።

የማስጠንቀቂያው ቃል ከደንቡ ይልቅ አደከመኝ። «ስሕተት ቁጥር 7» ቢል ማንም አይሰማውም። «ወንድሜ፣ ጳጉሜን ምን አደረገችህ?» ብዬ ጻፍሁ። ልጆቹ ስቀው አረሙ። አለቃችን ብቻ አልሳቁም፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያው የወጣው በእሳቸው ኮድ ላይ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ደንቡን «አገራዊ አስተዋጽኦ» ሲሉት የነበሩ ሰው «ይህ ነገር ትንሽ አልጠበቀም?» አሉ።

መሣሪያው ለዚህም በር አለው፤ ከመስመሩ በላይ «ይህን እለፈው» ብለህ ትጽፋለህ። እኔ ደግሞ ምክንያት ካልተጻፈ በሩ እንዳይከፈት አደረግሁ። አለቃችን ምክንያት ጻፉ፤ «ታይቷል።»

ተናድጄ ለአክስቴ ነገርኋት። የምታዝንልኝ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ምን አለበት?» አለችኝ ቡናውን እያማሰለች። «የእኔ ልጅ ያገባት በስድስተኛ ቤት አይደለችም? ሽማግሌ አይቶታል፣ አለፈ።»

ወደ ቢሮ ተመልሼ «ይህን እለፈው» የተባሉትን መስመሮች በሙሉ ሰብስብልኝ አልሁት መሣሪያውን። አለቃችን አንድ ነበራቸው። ከላይ እስከ ታች የተደረደረው የእኔ ስም ነው፤ የተጻፈው ምክንያት በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ «ከበዓል በኋላ ይስተካከላል።» የትኛው በዓል እንደሆነ አልተጻፈም።