ለባለ ሦስት ሺህ ዘመኖቹ ፓርቲዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ፓርቲዎቻችን ከሕያው መራጭ ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው ወደ ሙታን መሄድን ስላወቁበት ሊመሰገኑ ይገባል። ሕያው ሰው ክፉ አመል አለበት፤ የመንገዱን፣ የውሃውንና የማዳበሪያውን ነገር ይጠይቃል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን በ1840 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ የማንንም የሥራ ሪፖርት ጠይቀው አያውቁም።

ጥበቡ በርግጥ ነባር ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘር ሐረግ በእኚሁ የሸዋ ንጉሥ በኩል፣ ሳይቋረጥ፣ የንጉሥ ሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ ከተባሉት ከቀዳማዊ ምኒልክ ያደርሰዋል። ያኔ ቢያንስ ትውልድ ቆጥሮ በአንቀጽ ማስፈር ወግ ነበር፤ ትናንት ማኅተም ያስቀረጸ ፓርቲ ዛሬ የሦስት ሺህ ዘመን ወራሽ ነኝ ሲል ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ተገላግሏል።

ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ስብሰባ የታደመ ሰው ሥርዐቱን ያውቀዋል። ተናጋሪው የመንዝ በርኖስ ይደርባል (የተውሶ መሆኑ ከትከሻው እየተንሸራተተ ያሳብቅበታል)፤ ከኋላው ጋሻና ጦር ይሰቀላል፤ ንግግሩም ከአንኮበር ተነሥቶ ዐድዋ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ጌታው፣ ማዳበሪያው ዘር ሳያልፍ ይደርስልን ይሆን?» ቢሉ፣ «አባቴ፣ አባቶቻችን እኮ በባዶ እጃቸው ነው ጠላትን የመለሱት!» ይባላሉ፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ እርሳቸውም ይቀመጣሉ። ዐፄ ምኒልክ ከ1888ቱ ጦርነት በፊት ለዓመታት ጠመንጃ ሲገዙና ሲያከማቹ መኖራቸውን በዚያ ሰዓት ማንሣት ነውር ነው። ዝግጅት ከተነሣ ዕቅድና በጀት መነሣቱ አይቀርም፤ ተአምር ግን ኦዲተር አይመጣበትም።

ተቃራኒውን ፓርቲ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እርሱም የሚኖረው አንጎለላ በተወለዱት በእኚያው በዐፄ ምኒልክ ነው፤ አንዱ በድላቸው ሲነግድ ሌላው በበደላቸው ይነግዳል፤ የዘንድሮ ቧንቧ ለምን ደረቀ ብሎ የመጣውን ባለጉዳይ ሁለቱም ወደ እርሳቸው ዘመን ይመሩታል። ሰሜን ሸዋ የሚጠራ ታሪክ አጥቶ አይደለም። ይፋትን የገዙት የወላስማ ሱልጣኖችም የዚሁ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ወደ መድረኩ እምብዛም አይጋበዙም፤ ለአንደኛው ለኩራት፣ ለሁለተኛው ለክስ አይመቹትማ።