ዓይን ለምኔ

እግዜር ይስጣቸው! ስልካቸውን እንደ መስቀል ከፍ አድርገው የሚጎበኙ ወገኖቻችን ባይኖሩ ኖሮ፣ ቅርስን በዓይን የማየት ኋላ ቀር ልማድ እስከ ዛሬ አብሮን ይኖር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ላይ ከእነዚህ ጀግኖች አንዱን ቀኑን ሙሉ ከኋላ ስከተል ዋልሁ። ፈልጌ አይደለም፤ በሄድሁበት ሁሉ ከፊቴ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

ጠዋት ፋሲል ግቢ ነበርን። አስጎብኚው ወጣት፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን እንደ ቆረቆሩ ተናግሮ፣ ግንቡ ስለ ምን «እንቁላል ግንብ» እንደ ተባለ ሊያስረዳ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «ወንድሜ፣ ድምፅህ ቪዲዮዬ ውስጥ እየገባ ነው» ተባለ። እውነታቸውን ነው፤ ታሪክ በሚቀረጽበት ቦታ ታሪክ ማውራት ምን የሚሉት ብልግና ነው?

ሥራው ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። ጎብኚያችን ብቻቸውን፣ በሐሳብ ተውጠው፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ከግንቡ በር ሲወጡ መታየት አለባቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ጥበቃው በመሐል አለፈ። በሁለተኛው ነጠላቸው ተንሸራተተ። በሦስተኛው ፊታቸው የተመሰጠ ሰው ፊት መሆኑ ቀርቶ ጥርሱን ያመመው ሰው ፊት መሰለ። በአራተኛው ከምር ተመስጠው ደረጃውን ሳቱ። በአምስተኛው አንድ ሕፃን ከኋላቸው ብቅ ብሎ እጁን አውለበለበ፤ እናትየው ተቆጣችው፤ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ለቅሶው እስኪበርድ ተጠበቀ። ከስድስተኛው በኋላ መቁጠሩን ተውሁት። ሃያ የምንሆን ሰዎች ትኬት ቆርጠን፣ የአንድ ሰው ተመስጦ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ተሰልፈናል። ታዲያ ውስጡን አዩት? ምን በወጣቸው! መውጣታቸው ከተቀረጸ መግባቱ ለምን ያስፈልጋል?

ፋሲል መዋኛ ላይ ተቀየሙ። «ውሃው የታለ?» አሉ። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላው ለጥምቀት መሆኑ ሲነገራቸው፣ አጥሩን አቅፈው ለያዙት የዛፍ ሥሮች ጀርባቸውን ሰጥተው ራሳቸውን አንስተው ሄዱ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል በንብ መንጋ ተጠብቃ ተረፈች የምትባለዋ ናት። ከጣሪያው ላይ መላእክቱ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያያሉ፤ በዚያ ቀን ጎብኚያችንን በትኩረት ያየ ቢኖር እነሱ ናቸው። ፍላሽ ክልክል ነው ተብሏል። ብልጭ! ብልጭ! ከዚያ በግድግዳው ጥግ ተደግፈው ዳዊት የሚደግሙትን አሮጊት፣ «እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ፎቶው ውስጥ እየገቡ ነው» አሏቸው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ነውር ነው! ሴትዮዋ ጸሎት ላይ ናቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ እንግዳው አንተ ነህ። ፈቀቅ የምትለው አንተ ነህ!

አሮጊቷ ግን ዳዊታቸውን አጥፈው ተነሡላቸው።

ማታ አዝማሪ ቤት። ጎብኚያችን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ጠጁ ሳይነካ ሞቋል፤ ስልኩ ከአዝማሪው አፍንጫ አንድ ክንድ አይርቅም። አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝግዞ ገዝግዞ፣ አንዴ ስልኩን አንዴ ሰውዬውን አየና፦

ጎንደርን ሊያይ መጣ ከሩቅ ተጉዞ፣
ዓይኑን በኪሱ ውስጥ ጠቅልሎ ይዞ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎብኚያችንም ደስ ብሏቸው ሁለት መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ከዚያ ስልካቸውን ተመለከቱና ፊታቸው ጠቆረ።

«ወንድሜ፣ ሳይቀረጽ ቀርቷል» አሉት። «እስኪ ከመጀመሪያው ድገምልኝ።»