ወርቅ ላበደረ ጠጠር

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየጠጣን የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ ዘፈን «ሻይን ኤ ላይት» ተከፈተ። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው አልበማቸው «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት» 18 ዘፈን አለው፤ ይሄ 17ኛው ነው።

«ይሄ እኮ መዝሙር ነው» አለ አንዱ ወዳጃችን።

ሌላው ተነሳበት። «የምን መዝሙር! ሮክ ነው። የባንዱን ጊታሪስት የኪት ሪቻርድስን ጊታር አትሰማም?» ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። ድምፁን ግን ከፍ አድርጎታል።

«ኪት እዚህ ዘፈን ላይ የለም» አለው ወዳጃችን ረጋ ብሎ። «ጊታሩ የሌላው ጊታሪስታቸው የሚክ ቴይለር ነው። ይልቅ ፒያኖውንና ኦርጋኑን ስማ። ቢሊ ፕሬስተን ነው። በልጅነቱ ለመዝሙር ዘማሪዋ ለማሃሊያ ጃክሰን ኦርጋን የተጫወተ። የባንዱን ዘፋኝ ሚክ ጃገርን ሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ይዞት የሄደውም እሱ ነው። አየህ፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር!»

«ኦርጋን ስለገባ መዝሙር አይሆንም።»

ኦርጋን ብቻ መስሎታል! ይሄን ዘፈን ስንት ሌሊት ሰምቼዋለሁ። ቀስ ብሎ ይጀምራል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ተቀባዮቹ ክላይዲ ኪንግ፣ ቬኔታ ፊልድስ፣ ጆ ግሪንና ጄሲ ኪርክላንድ ይገባሉ። ጃገር ያወጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ። እንዲህ መቀባበል ከቤተ ክርስቲያን ካልመጣ ከየት ሊመጣ ነው?

«ስማቸው አልበሙ ላይ ተጽፏል፣ ምን ቀረባቸው?» አለ ተከራካሪው።

«የነዚህስ ተጽፏል። ስቶንሶች በ1968 ያወጡት ‹ፕሮዲጋል ሰን›ስ? ዘፈኑ የጥቁሩ ሰባኪ የሬቨረንድ ሮበርት ዊልኪንስ ነው። መጀመሪያ ሲታተም የጃገርና የሪቻርድስ ድርሰት ተብሎ ወጣ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር አልኩህ እኮ!»

ሰውዬው ስልኩን መነካካት ጀመረ።

እኔ ከወዳጄ ጋር ነኝ። ስቶንሶችን ብቻ ግን አልወቅስም፤ እኛ አድማጮቹ እንብሳለን። ድሮ የካሴት ሽፋን ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ዓይናችንን አጥብበን እናነብ ነበር። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ኪቦርዱን ማን ተጫወተው። ዛሬ ስልኩ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ይመጣል፣ በቃ። ሠርግ ላይም ያው ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሌሊቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ያድራል፣ ስሙን የሚጠይቀው የለም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ብሩ የሚለጠፈው ዘፋኙ ግንባር ላይ ነው።