አርባ አንደኛው ጉድጓድና የባለአክሲዮኑ ስሌት

ፊሎ ማይኒንግ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር፣ በአንዲስ ተራሮች ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ፊሎ ዴል ሶል ያገኘውን የቁፋሮ ውጤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ይፋ ሲያደርግ የማዕድን ፍለጋ አክሲዮን የሚከታተለው ሁሉ ተነጋገረበት። መግለጫው እንዳስታወቀው 41ኛው ጉድጓድ በ858 ሜትር ርዝመት 1.80 በመቶ የመዳብ አቻ (ማለትም አብረውት ያሉት ብረቶች በዋጋቸው ወደ መዳብ ተመንዝረው)፣ በዚሁ ርዝመት ውስጥ ባለ 163 ሜትር ላይ ደግሞ 5.43 በመቶ ተገኝቶበታል። ብዙዎቹ የዓለማችን ትልልቅ የመዳብ ማውጫዎች ከ1 በመቶ በታች መዳብ ያለው ዓለት እየፈጩ እንደሚያተርፉ ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ አስደንጋጭ ነበር። እኔም ጉድጓዱ ዝናው ይገባዋል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም ዝናውን ያተረፈለት ቁጥር ገንዘቡን ለሚያወጣ ሰው የሚጠቅመው ቁጥር አይደለም።

መጀመሪያ ነገር፣ 1.80 በመቶ የተባለው ሁሉ መዳብ አይደለም። በጉድጓዱ ያለው መዳብ 0.86 በመቶ ሲሆን፣ በአንድ ቶን ዓለት 0.70 ግራም ወርቅና 48.1 ግራም ብር አብረውት ይገኛሉ። ኩባንያው መዳብን በፓውንድ 3 ዶላር፣ ወርቅን በአውንስ 1,500 ዶላር፣ ብርን በአውንስ 18 ዶላር አስቦ ሁለቱን የከበሩ ማዕድናት በዋጋቸው ወደ መዳብ መነዘራቸው፤ ወርቁ 0.51፣ ብሩ 0.42 ገደማ ጨመረለትና 1.80 ተባለ። በሌላ አነጋገር ከዋጋው ግማሹን የሚያልፈው ከመዳብ ውጭ ነው። ዝርዝሩ በመግለጫው ላይ በግልጽ ስለተቀመጠ ይህ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን መዳብ ገዛሁ ብሎ ያመነው ባለአክሲዮን ሳያስበው የወርቅና የብር ገበያ ተሸካሚ ሆኗል። ወርቅ በ2025 በአውንስ ከ4,000 ዶላር አልፏል። ያው ጉድጓድ በአዲሱ ዋጋ ቢሰላ ዓለቱ ላይ አንዲት ግራም ሳትጨመር የአቻው ቁጥር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በተለያዩ ዓመታት የወጡ የአቻ ቁጥሮችን የዋጋውን መነሻ ሳያዩ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። በስሌቱ ሦስቱም ብረቶች እኩል 80 በመቶ ከዓለቱ እንደሚለዩ መታሰቡንም ልብ ይሏል፤ ማጣሪያ ለሁሉም ብረት እኩል የሚሠራበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አማካዩ ነው፤ ይህንን ለመፈተሽ ማባዛትና መቀነስ ብቻ ይበቃል። 858 በ1.80 ሲባዛ 1,544 ይሆናል፤ 163 በ5.43 ሲባዛ ደግሞ 885። ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ የማይሞላው ክፍል ከጠቅላላው ይዘት 57 በመቶውን ይዟል ማለት ነው። እሱ ተቀንሶ የሚቀረው 695 ሜትር 0.95 በመቶ አቻ ሲሆን፣ መዳቡ ብቻውን ወደ 0.52 በመቶ ይወርዳል። ብሩማ ከዚህም ይብሳል፤ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው በዚያው 163 ሜትር ውስጥ ተከማችቷል። ከወርቅ ጋር የተገኘ 0.52 በመቶ መዳብ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ክምችት መልካም ይዘት ነው፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም። ጥያቄው ያ ሀብታም ክፍል ወደ ጎን ምን ያህል ይዘልቃል የሚለው ነበር፤ እሱን ደግሞ አንድ ጉድጓድ ሊመልሰው አይችልም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ናሙናው ታማኝ ሲሆን ነው። በደንቡ መሠረት ከጉድጓዱ የወጣው ዘንግ መሰል ዓለት በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ ግማሹ ለኋላ ማመሳከሪያ በሳጥን ይቀመጣል። በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ወርቅ አገኘሁ ያለው የካናዳ ኩባንያ ብሬ ኤክስ ዓለቱን በሙሉ ፈጭቶ ይልክ ስለነበር፣ በ1997 ፍሪፖርት የተባለው የአሜሪካ የማዕድን ኩባንያ አጠገቡ ቆፍሮ የሚረባ ወርቅ እስኪያጣ ድረስ የሚያመሳክር ነገር አልነበረም። ዛሬ በካናዳ የአክሲዮን ገበያዎች የተመዘገቡ ኩባንያዎች፣ በሰሜን ትግራይ መዳብና ወርቅ የፈለጉትን ጨምሮ፣ የሚገዙበት የመግለጫ ደንብ የወጣው ከዚያ ቅሌት በኋላ ነው።

ወደ ፊሎ ስንመለስ፣ ሀብታሙ ክፍል ምን ያህል ይዘልቃል የሚለውን ጥያቄ የመለሱት ቀጥለው የተቆፈሩት ጉድጓዶች ናቸው። ግዙፉ የአውስትራሊያ የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒ በ2022 በአንድ አክሲዮን 15.95 የካናዳ ዶላር ከፍሎ 5 በመቶ ገደማ ድርሻ ያዘ፤ በሐምሌ 2024 ደግሞ ከካናዳው ለንዲን ማይኒንግ ጋር ሆኖ ኩባንያውን በአንድ አክሲዮን 33 የካናዳ ዶላር ሊጠቀልል ተስማማና ግዢው በጥር 2025 ተጠናቀቀ። ከቢኤችፒ ጋር ገብቶ የታገሠ ሰው ገንዘቡ ከእጥፍ በጥቂት በልጦለት ወጣ። የ2021ዱ ዜና በወጣበት ቀን ተሻምቶ ለመግዛት የሚያጣድፍ ነገር አልነበረም የምለውም ለዚህ ነው፤ ተጨማሪ ማስረጃ ለጠበቀም ጊዜ ነበረው።

ፊሎ ዴል ሶልና ጎረቤቱ የሆሴማሪያ ክምችት አሁን ሁለቱ ገዢዎች በጋራ በያዙት ቪኩኛ በተባለው ኩባንያ ሥር አንድ ፕሮጀክት ሆነዋል። በግንቦት 2025 ይፋ በሆነው የክምችት ግምት 13 ሚሊዮን ቶን መዳብ በተሻለ አስተማማኝነት በተለካው ደረጃ፣ 25 ሚሊዮን ቶን ደግሞ ጉድጓዶቹ ተራርቀው ስለሚገኙ በግምት በሚያዘው ደረጃ ተቀምጧል። ሁለተኛውን ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ማጣጣል አይገባም፤ የገንዘብ ዕቅድ የሚቆምበት መሠረት ግን ገና አልሆነም። ውሃ በብርቅ በሚገኝበት ከፍታ ላይ፣ አሉምብሬራ የተባለው ማውጫ ከተዘጋ ወዲህ ትልቅ የመዳብ ማውጫ በሌላት አርጀንቲና፣ በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ግንባታ ይጠብቀዋል፤ እንዲህ ባለው ክምችት ብዙ ጊዜ የሚገኘው አርሴኒክም ማቅለጫዎች በቅጣት ዋጋ እንጂ በደስታ የሚቀበሉት አይደለም። ስለሆነም ከቪኩኛ አዲስ የቁፋሮ መግለጫ ሲወጣ እኔ የምፈልገው ረጅሙን ጉድጓድ ሳይሆን፣ ከ25 ሚሊዮኑ ቶን ምን ያህሉ ወደ 13ቱ ጎራ እንደተሻገረና ከሱ ጋር ምን ያህል አርሴኒክ እንደመጣ ነው።