እጃችሁን ታጠቡ ሲባል ውኃው የት ነበር?

የኮሮና የመጀመሪያ ወራት ሲነሳ ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው፦ መንግሥት ፈጥኗል ወይስ ዘግይቷል? እኔ ፈጥኗል ከሚሉት ወገን ነኝ። የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ተደረገ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል እንዲቆይ ተወሰነ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስልክ ስንደውል እንኳ በጥሪው ድምፅ ፋንታ የምንሰማው ስለ ኮሮና፣ እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት ነበር።

ግን እኮ በየትኛው ውኃ ነው የምንታጠበው? አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ሌሊት ነው፣ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል፣ ከዚያ እሷኑ ለወጥ፣ ለልብስ፣ ለልጅ ገላ እያብቃቃ ሳምንቱን ይገፋል። እንዲህ ለሚኖር ሰው በቀን አሥር ጊዜ ታጠብ ማለት ከባድ ነው።

ያኔ ክፍተቱን የሸፈኑት የሰፈር ልጆች ናቸው። ታክሲ ተራው ላይ ቢጫ ጀሪካን ቧንቧ ገጥመውለት፣ ፈሳሽ ሳሙና ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ሞልተው፣ «እማማ፣ ይታጠቡና ይግቡ» እያሉ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ይውሉ ነበር። ማንም ደመወዝ አልከፈላቸውም። ሰዉም ሳያንገራግር ይታጠብ ነበር። ለእኔ የዚያ ሰሞን ትልቁ የጤና ሥራ ይሄ ነው። ግን የሚቀዳላቸው ውኃ፣ የሚተካ ሳሙና ማን ያቅርብ? ወራት ሲያልፉ ጀሪካኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር የቆሙት መታጠቢያዎችም ደርቀው ቀሩ። ሕዝቡ ሰነፈ ሲባል ስሰማ ያናድደኛል።

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሲገኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ይኸው የውኃ ነገር ነው። ለወረርሽኝ ዝግጅት ሲባል ላቦራቶሪና የሙቀት መለኪያ ይገዛል፣ ጥሩ ነው፣ ይገዛ። ግን ውኃ የሌለው ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጇ በምን ትታጠባለች? ቧንቧው የውኃ ቢሮ ጉዳይ ነው ተብሎ መገፋቱ ይብቃ። የወረርሽኝ በጀት ሲያዝ መጀመሪያ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለታክሲ ተራ የሚሆን ውኃ ይያዝበት፤ በሽታው ከመምጣቱ በፊት፣ አሁን።