ቁጣችን ለማን ይድረስ?

እንግሊዝ አገር የምርጫ ሰሞን ስለ ሐኪም ቤት ሳይወራ አይዋልም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሱቅ ደጃፍ ወሬው ወረፋ ነው። ኤንኤችኤስ የሚባለው የመንግሥት የጤና አገልግሎታቸው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። ያቋቋመው የሌበር ፓርቲ መንግሥት ሲሆን፣ የጤና ሚኒስትሩ አኑሪን ቤቫን በልጅነቱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የቆፈረ ዌልሳዊ ነበር። የታመመ ይታከማል፣ ወጪው ከሁሉም ግብር ይሸፈናል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ሰዉ ይህን ነገር እንደ ርስቱ ያየዋል።

ለንደን የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የመረጡት ሌበርን ነው፤ አባታቸውም እንደዚያው። የዳሌ ቀዶ ሕክምና እየጠበቁ ከዓመት በላይ በከዘራ ሲንገታገቱ አይቻቸዋለሁ። ሕመሙ ሲብስባቸው ገዢውንም፣ ተቃዋሚውንም፣ የራሳቸውንም ፓርቲ ይራገማሉ። ነርሷን ግን ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። “እሷ ምን ታድርግ? እኔ የምጠይቀው የመረጥኩትን ሰው ነው” ይላሉ። ለምክር ቤት አባላቸው ጻፉ፤ መልስ መጣላቸው። ቀዶ ሕክምናው በዚያ ምክንያት አልፈጠነም። ደብዳቤውን ግን ከቀጠሮ ወረቀታቸው ጋር አስቀምጠውታል።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ቀጠሮ ክፍል ስለሆነ የወረፋውን አቆጣጠር አውቀዋለሁ። የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒ የሚባለው፣ የጻፈው ሪፈር ሆስፒታል ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል። ሰዓቱ የሚቆመው ሕክምናው ሲጀመር ነው። ደንቡ ከ100 በሽተኛ 92ቱ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና ይጀምር ይላል። ይህ ከተሟላ ዓመታት አልፈዋል። ግን ቁጥሩ በየወሩ ይወጣል፤ ጋዜጠኛው ያነሳዋል፤ ሚኒስትሩ ቲቪ ላይ ቀርቦ ይፋጠጥበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ ጊዜ በእንግሊዝ ብቻ ወረፋው 7.5 ሚሊዮን አካባቢ ደርሶ ነበር። ለ14 ዓመት የገዙት ኮንሰርቫቲቮች ተሸነፉ፤ ሌበር ከ650 መቀመጫ ከ400 በላይ ወሰደ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወረፋው አንዱ ነበር። አሁን ደግሞ ያው ጥያቄ ሌበርን እያፋጠጠ ነው።

እዚያ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ከገባ 100 ሰው 95ቱ በ4 ሰዓት ውስጥ ታይቶ መሸኘት ወይም አልጋ ማግኘት አለበት የሚለው ግብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አልተሳካም። ኮሪደር ላይ ተኝተው የሚያድሩ አሉ። አዲስ አበባ መጥቼ ይህን ሳወራ ዘመድ አያምነኝም። “እዚያም ወረፋ አለ?” ይሉኛል። አለ። ልዩነቱ ንዴቱ የሚሄድበት ቦታ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት አክስቴን መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወስጃት ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስንደርስ በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጋቢ ለብሶ ያደረ አለ። ካርድ ክፍሉ ሲከፈት ግፊያ ሆነ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ግን አክስቴን በደንብ አየቻት፣ በደንብ አስረዳቻት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ምርመራ ማሽኑ ስለተበላሸ “ውጭ አሠሩት” ተባለ። መድኃኒቱም የለም፣ ከውጭ ግዙ። አክስቴ የጤና መድን ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ እያሳየች ነበር፤ የሌለን መድኃኒት ካርድ አያመጣውም። ሦስት መድኃኒት ቤት ዞረን ከኪሳችን ገዛን። ቀጣዩ ቀጠሮ ለጥር ተሰጣት።

ከዚያ ቀን የማልረሳው ግን አንድ ጠብ ነው። አንድ ጎልማሳ አባቱን ተሸክሞ መጥቶ “አልጋ የለም” ተባለ። ነርሷ ላይ ጮኸባት። “እናንተ ናችሁ የምትጨርሱን!” አላት። ቆማ ሰማችውና “ወንድሜ፣ እኔ አልጋ ከየት ላምጣልህ?” አለችው። ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ጥበቃው መሃል ገባ። ሰዉ ግማሹ ከሰውየው፣ ግማሹ ከነርሷ ጋር ወገነ። ስለ በጀት፣ ስለ ሹመኛ፣ ስለ ተመራጭ ትንፍሽ ያለ የለም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም የተበደሉ ናቸው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች “ደመወዛችን አላኖረንም” ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር፤ የታሰሩም ነበሩ። ያ ሰውዬና ያቺ ነርስ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። እርስ በርስ ተላተሙና ጥያቄው ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

ማታ ስታዲየም አካባቢ ከአክስቴ ልጅና ከጓደኞቹ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ይህንኑ አነሳሁ። “የምክር ቤት ተመራጫችሁ ማነው?” አልኳቸው። አንዳቸውም ስሙን አያውቁትም። ሁሉም የተማሩ ናቸው፤ ሁሉም ስለ ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ ማውራት ይችላሉ። ፓርቲ ይወዳሉ፣ ፓርቲ ይጠላሉ። አክስቴ ራሷ ግንቦት 7 ቀን 1997 ለመምረጥ ቀኑን ሙሉ ተሰልፋ እንደዋለች ትናገራለች። ያኔ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ጠራርጎ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን። የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። በ2002 ያው ከተማ 22ቱን ለገዢው ኢሕአዴግ ሰጠ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ የምርጫ ካርድ ብታወጣም ከምርጫ የምትጠብቀው ነገር የለም። የመረጡት ሰው የት እንደገባ ያየ ሕዝብ ተመራጭ ሊጠይቅ አይሄድም፤ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። “እዚያ ሆስፒታል ሰው አለሽ?” የምትለዋ ጥያቄ የመጣችው ከዚያ ነው።

ሰው ያለው ያልፋል። ዶላር ያለው ደግሞ የግል ይሄዳል። እዚህ ላይ እኛ ውጭ አገር ያለነውም ጉዳዩ ውስጥ አለንበት። አንድ ዘመድ ሲታመም ገንዘብ ይላካል፣ የግል ሆስፒታል ይገባል፣ ንዴቱ እዚያው ይበርዳል። መላክ አለብን፤ እናትን ጣር ላይ ጥሎ ስለ ምርጫ የሚያወራ የለም። ግን በየቤቱ እንዲህ የበረደው ንዴት አንድ ላይ ሆኖ ፖለቲከኛ ፊት አይቆምም።

የእኛ ባለሥልጣንም እዚያ ወረፋ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የያኔው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በኮቪድ ሲታመም የገባው ከፓርላማው ወንዝ ማዶ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል፣ ሴንት ቶማስ ነበር። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ ነርሶቹን በስም አመሰገነ። የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ያረፉት ብራስልስ ነው። ሙት መውቀስ አልፈልግም። ሕክምናቸውን ውጭ የሚያደርጉት ሹማምንት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ነገር ግን ሐኪም ቤቱን የሚመራ ሰው እዚያው ሐኪም ቤት የማይተኛ ከሆነ፣ የማሽኑ መበላሸት ለእሱ ሪፖርት ነው።

አገራችን ጤና ላይ አልሠራችም የሚለውን አልቀበልም። የጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ጀምሮ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ በሁለት ሦስተኛ ቀንሷል፤ የዓለም መንግሥታት የያዙት ግብ ከቀነ ገደቡ በፊት ነው የተሳካው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሆነበት አንዱ ምክንያት ያ ቁጥር ይቆጠር ስለነበር ነው፤ ለጋሹም፣ የዓለም ድርጅቱም ይጠይቀው ነበር። የአክስቴን የጥር ቀጠሮ የሚጠይቅ ማነው? እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶ ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተዋል። ያን ማታ ለአክስቴ ልጅና ለጓደኞቹ፣ አንድ እጩ በራችሁ ቢመጣ ይህን ጠይቁት አልኳቸው።

የአክስቴ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። “አንቺ ነገ ትሄጃለሽ። እኔ ብቻዬን ብጠይቅ ስሜ ይያዛል” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያመጣችው አክስቴ ናት። ቤት ደርሰን ስንነግራት “እድሩስ?” አለች። በምርጫ ሰሞን እጩዎች ድምፅ ፍለጋ እድራቸው ድረስ መጥተዋል፤ ሁለት መቶ አባወራ በአንድ ጊዜ የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም። ጸሐፊው ደብተር አለው። በዚህ ዓመት ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ወር ጠበቀ፣ ከመድን ውጭ ስንት ብር ከኪሱ ከፈለ፣ ይጻፍ አለች። ያኔ ጠያቂው እሷም ልጇም አይሆኑም፤ እድሩ ነው።

ለጸሐፊው ነግራዋለች። የሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ አጀንዳ ተይዟል።